ድንገተኛ ሞት የሚለመንበት ደጅ

«ከቁርስ በኋላ ይሁንልኝ» ትላለች አንደኛዋ፤ «በባዶ ሆድ መሄድ አልወድም።»

«ሳህኑ ሳይታጠብ ነው ታዲያ» ትላለች ሁለተኛዋ። «ምራቴ ትጠበው። እኔ በምሞትበት ቀን እንኳ እጇን ውሃ ይንካው።»

ከዚያ ሳቅ ይሰማል። ሁለት አሮጊቶች ከመቅደሱ ደረጃ ሥር፣ የድንጋዩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሞታቸውን ሰዓት ይመርጣሉ፤ እኔ ከግንቡ ወዲህ ቅጠል እጠርጋለሁ። ያኔ ሃያዎቹን ገና አላጋመስኩም ነበር፤ እዚህ ሥራ የገባሁ ሰሞን መሆን አለበት። አንደኛዋ እናቴ ትሁን አትሁን ዛሬ መማል አልችልም። ድምፁ የእሷ ነበር እላለሁ፤ ቀልዱ ግን የእሷ አይመስለኝም። እናቴ በምራት የምትቀልድበት ምክንያት አልነበራትም፤ ምራት አላመጣሁላትም። ምናልባት በሁለት የተለያየ ቀን የሰማሁትን አንድ ላይ ሰፍቼው ይሆናል። ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ከኖረ የትኛው ቃል የማን እንደነበር ይጠፋበታል።

መቅደሳችን ትንሽ ነው። ከያማቶ ሜዳ ተነስቶ ወደ ተራራው የሚወጣው አውቶቡስ መጨረሻው ላይ ያወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ደረጃ ነው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው የመቅደሱን ቡድሃ፣ አሚዳን፣ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትወስደኝ በድንገት ውሰደኝ። የአልጋ ቁራኛ አታድርገኝ፤ ልጆቼን አታስቸግርብኝ፤ የሰው እጅ አታሳየኝ። ለዚህም የውስጥ ልብሱን ይዞ ይመጣል። የመቅደሱ አለቃ ይደግሙበታል፤ ጠርዙ ላይ ቀዩን ማኅተም ይመቱበታል። ያን የለበሰ ሰው በስተርጅና ሌላ ሰው ልብሱን አይለውጥለትም ይባላል። እኔ በትንሿ መስኮት እቀበላለሁ፣ አጥፋለሁ፣ ባለቤቱ ሲጠራኝ እመልሳለሁ። ከከተማ የሚመጡ ወጣቶች አንዳንዴ ፎቶ አንስተው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። የሰው ፍርሃት ከውስጥ ልብሱ በላይ የት ሊታይ ነው።

እናቴም ማኅተም ያረፈበትን ለብሳ ነበር። ቢሆንም መጨረሻዋ ላይ ዓመታት አልጋ ላይ ዋለች፤ ያገላበጥኳትም ያጠብኳትም እኔ ነኝ። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ አሚዳን ጠይቄ አላውቅም። ጠዋትና ማታ ስሙን እጠራለሁ፤ የሚጠራው ሰው መኖሩ ይበቃኛል። እሷ ከሄደች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፅ ያለው የሩዝ ማብሰያው ብቻ ነው። ሲበስልለት አጭር ዜማ ያሰማል። «እሺ» እለዋለሁ።

እማማ ኪኑዮ ከደረጃው በታች፣ ከአንድ ኩሬ አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ቴትሱሮ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ ኦሳካ አውቶቡስ ይነዳል። እሳቸው ሰባን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ አፋቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይወጡና መስኮቴ ፊት ቆመው «ሱቅህ እንዴት ነው ሞሪዮ? ሞት ገብቷል ወይስ ገና መንገድ ላይ ነው?» ይሉኛል። «ያለው ሁሉ ተይዟል እማማ፤ ተራ ይጠብቁ» እላለሁ። ይህን ቀልድ ስንት ዓመት እንደተቀባበልነው አላውቅም። ከዚያ ይቀመጣሉ። እሳቸው ያወራሉ፤ እኔ አዳምጣለሁ። ጠዋት ስለበሉት በሻይ የበሰለ የሩዝ ገንፎ፣ ጣሪያቸው ላይ ስለሰፈረው ቁራ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ዜና ስለሚያነበው ሰውዬ ክራቫት። ሰውዬው ሲሰናበት መልሰው እጅ እንደሚነሱት አንድ ቀን ነገሩኝ። እንደ ቀልድ ነው የነገሩኝ፤ እኔም እንደ ቀልድ ተቀበልኳቸው።

ባለፈው መጸው ደረጃውን ሊጨርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ወደቁ። አልተንገዳገዱም፤ አልጮሁም፤ ዕቃ ከሰው እጅ ሲያመልጥ እንደሚወድቅ ነው የወደቁት። ሮጬ ስደርስ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያይም። አምቡላንስ ጠራሁ። መኪናው ሳይደርስ ራሳቸውን አወቁ።

«ማን ጥራ አለህ?» አሉኝ መጀመሪያ።

ወድቀው ነበር አልኳቸው።

«መውደቄንማ አውቃለሁ። በአሚዳ ደጅ፣ ንጹሕ ለብሼ፣ ማንንም ሳላስቸግር። ከዚህ የተሻለ ቀን መቼ ላገኝ ነው?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ዕቃውን ትሸጣለህ፤ ማድረስ ሲመጣ መንገድ ትዘጋለህ። ምን ዓይነት ባለሱቅ ነህ አንተ?»

ቀልድ መሰለኝ። እጄን ግን ይዘውኝ ነበር፤ አምቡላንሱ ውስጥ ሲያስገቧቸውም አለቀቁኝም።

ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ ደረታቸው ላይ ገመድ ለጥፈው አዩ፤ ከዚያ በድምፅ ሞገድ አዩ፤ የልባቸው ግድግዳ ወፍሯል ተባለ። ለበለጠ ደግሞ ኤም አር አይ ታዘዘላቸው። ከዚያ የተመለሱ ዕለት ብዙ አላወሩም። ጠባብ ዋሻ ውስጥ አንሸራተው እንዳስገቧቸው፣ ዙሪያው እንደ ቆርቆሮ ቤት በረዶ እንደሚጮህ፣ በመካከሉ አንዲት ሴት «እስትንፋስዎን ይያዙ፤ አሁን ይልቀቁ» እያለች በለሰለሰ ድምፅ እንደምታዛቸው ነገሩኝ። ሲወጡ ያቺን ሴት ሊያመሰግኗት ፈልገው የት ነች ብለው ጠየቁ። የተቀዳ ድምፅ ነው አሏቸው።

«እኔኮ» አሉ፣ «በልቅሶ ቤት እንኳ እንደዚያ ቀስ ብሎ ያናገረኝ ሰው የለም።»

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ሲደርስ ዘመድ ይዘው እንዲመጡ ታዘዙ፤ ደንቡ ነው። እማማ ኪኑዮ ወደ መስኮቴ መጡና የሟች ታላቅ ወንድማቸው ልጅ እንደሆንኩ አስታወቁኝ። ስሜን መለወጥ አያስፈልገኝም፤ አፌን መዝጋት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ተክኜበታለሁ። ለምን ቴትሱሮ አይመጣም ብዬ አልጠየቅሁም። እዚህ አገር ሰው ልጁን ከሚያስቸግር ባዕድ ቢያስቸግር ይቀለዋል። ለባዕድ በማግስቱ ሳጥን ብስኩት ይዘህለት ትሄድና ትገላገላለህ፤ ለልጅህ ምን ይዘህ ትሄዳለህ?

ሐኪሟ ሳኩማ የሚሏት ወጣት ሴት ናት፤ ቶሎ ቶሎ አትናገርም። ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። ጨለማ ላይ ወፍራም ጥቁር ቀለበት ይታያል፤ ቀለበቱ ሥጋ ውስጥ እዚህም እዚያም ነጣ ያለ ነገር ተበትኗል። ጥቁሩ ጤነኛ የልብ ጡንቻ ነው አለችን፤ በደም ሥር መድኃኒት ሲሰጥ ነጥቶ የቀረው ደግሞ ጠባሳ። ልብን የሚያስመታው ኤሌክትሪክ ጠባሳው ጋ ሲደርስ መንገድ ይጠፋበታል፤ መንገድ ሲጠፋበት ባለበት ይዞራል፤ ያኔ ልብ መምታቱን ይተውና ይርገበገባል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ደቂቃ ነው። እኔ ሥዕሉን አየሁ። ቀኑን ሙሉ እርሻ የዋለ ሰው ጥቁር ሸሚዝ ጀርባ ላይ ላብ ደርቆ የሚተወውን ጨው መሰለኝ።

«እንግዲያው በድንገት ነው ማለት ነው» አሉ እማማ ኪኑዮ።

«ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ቀን አይቆርጥም» አለች ሐኪሟ። «ይህን ያህል ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች ከሌለባቸው ይልቅ በድንገት ይሞታሉ፤ ይህን ብቻ ነው የሚነግረን። እርስዎ ግን አንዴ ወድቀዋል። ስለዚህ ዝም ብዬ ልሸኝዎት አልችልም።»

ከአንገት አጥንት በታች፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ መሣሪያ እንዳለ ነገረቻቸው። ቀን ከሌት ልብን ይጠብቃል፤ ልብ ሲስት በኤሌክትሪክ መትቶ ይመልሰዋል።

እማማ ኪኑዮ ፈገግ አሉ። እንደዚያ ሲያበሩ አይቻቸው አላውቅም። በጣም አመሰገኗት፤ መሣሪያው እንደማያስፈልጋቸው በትሕትና ነገሯት፤ ሥዕሉን ግን በወረቀት ብትሰጣቸው ቤት ወስደው ከባላቸው ፎቶ አጠገብ እንደሚያኖሩት ጨመሩ። ሐኪሟ ያልገባቸው መስሏት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ገብቶኛል አሏት። ለስንት ዓመት የለመንኩትን ነው ያሳየሽኝ፤ መልሱ ሲመጣ እምቢ ልበል? እሷ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ሐኪሟ በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቀች። እማማ ኪኑዮ ደስታቸው ገና አልበረደም ነበርና ሳያስቡ ተናገሩ፤ ታላቅ ወንድማቸው በመንደሩ የስፖርት ቀን፣ ዱላ ቅብብል ሲሮጥ፣ ሜዳው መሃል ቀረ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባትዎ ናቸው?» አለችኝ።

አዎ ብል ውሸት ነው፤ አይደለም ብል ሴትየዋን ማዋረድ ነው። እንደገና አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት ሁለቱንም ይሆናል።

«ይህ በዘር የሚወርድ ነው» አለች። «ከወላጅ ወደ ልጅ የመውረድ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ምንም ሳይሰማ ሊኖር ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት ሞት የሚሆንባቸውም አሉ። እርስዎ ሳይዘገዩ ይታዩ።» ወደ እማማ ኪኑዮ ዞረች። «ልጆችስ አሉዎት?»

ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን እንዴት እንደጠፋ መናገር አልችልም።

«የለኝም» አሉ።

በአውቶቡስ ስንመለስ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ትንሽ ቆይተው ልቤን ስለ እሳቸው ብዬ እንዳስመረምር፣ አሪፍ ልብ እንደሚሆን፣ ማንም እንዳልተጠቀመበት አዲስ ዕቃ እንደሆነ ቀለዱብኝ። አልሳቅሁም።

«ቴትሱሮስ?» አልኳቸው። ከዚያ በፊት ጥያቄ ጠይቄያቸው የማውቅ አይመስለኝም።

መልሳቸውን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሰጡኝ። ቢያገኙበት መሪውን ይቀሙታል። ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፤ የቀረው መሪው ነው። ባያገኙበት ደግሞ በከንቱ አስጨነቅሁት ማለት ነው። ወንድሜም እኔም አለብን ማለት እሱ አለበት ማለት አይደለም፤ ግማሽ ነው ያለችው፤ ግማሹ ደግሞ የለም ነው።

«ኖሮበት ባይነገረውስ?» አልኩ።

ወደ ፊት ተመለከቱ። ከፊት የተቀመጠው ሹፌር ነጭ ጓንት ያጠለቀ ጣቱን ወደ ጎን መስተዋቱ ጠቁሞ ለራሱ «ቀኝ ሰላም» አለ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጠቁሞ «ግራ ሰላም» አለ፤ ቀስ ብሎም ተነሳ። ሁለታችንም እስክንወርድ ድረስ የሰውዬውን ጀርባ ስናይ ነበር።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አልመጡም። መስኮቴን ከፍቼ ቆየሁ። ዝናብ ነበር፤ ዝናብ ነው የያዛቸው አልኩ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፤ አሁንም አልመጡም። አንድ ሰው ቢቀርብኝ ይህን ያህል ደጁ ይሰፋብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የጠረግሁትን እንደገና ጠረግሁ።

ሲመጡ እንደ ወትሮው አልቀለዱም። የያዙት የራሳቸውን ልብስ አይደለም፤ ቴትሱሮ ተማሪ ሳለ ቤዝቦል ይጫወትበት የነበረ ከነቴራ ነው። አለቃው ዘንድ ልግባ አሉኝ፤ አስገባኋቸው፤ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ለራሴ የለመንኩት ለእሱ እንዳይደርስ ይድገሙልኝ» አሏቸው። «እኔ በድንገት። እሱ ግን ሸምግሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ታሞ።»

«ታሞ?» አሉ አለቃው።

«ታሞ። ሰው እየጠየቀው።»

አለቃው ከነቴራውን አገላብጠው አዩት። አርጅተዋል፤ ቢሆንም ነገር አያመልጣቸውም። በዚህ መቅደስ የሚያውቁት ጸሎት አንድ ብቻ እንደሆነ፣ አሁን ሌላውን ቢጨምሩበት አሚዳን ማምታታት እንዳይሆን እንደሚፈሩ ነገሯቸው። ማኅተሙን አላነሱትም። ከነቴራውን አጥፈው በሁለት እጃቸው መለሱላቸው።

«ልጁ ስልክ የለውም?» አሉ።

ስልኩን የደወሉት ከእኔ ክፍል ነው። ቁጥሩን እኔ ነካሁላቸው። ልውጣ ስል እንድቀመጥ በእጃቸው አመለከቱኝ። እሳቸው የሚሉትን ብቻ ነው የሰማሁት። ደኅና ነኝ። አይ፣ ምንም አልጎደለኝም። ሩዙ ታጭዷል። ብርድ ልብስ አለኝ። ምንም አልሆንኩም አልኩህ እኮ። ከዚያ «የልቤን ሥዕል አነሱት» አሉ፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገሩት፤ መውደቃቸውን፣ ጠባሳውን፣ አጎቱን፣ መሣሪያውን እምቢ ማለታቸውን፣ በሐኪሟ ፊት ልጅ የለኝም ማለታቸውን ሳይቀር። ስልኩን ሲያስቀምጡ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

ቴትሱሮ የዕረፍቱ ቀን በሆነው ሐሙስ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ አረማመዱ ቀርፋፋ፣ አርባዎቹን እያገባደደ ያለ ሰው ነው። ለእኔ ሳጥን ብስኩት ይዟል። «እናቴ ስላስቸገረችዎት፣ ጋሼ» አለና ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳ። ተቀበልኩት፤ ምን አደርጋለሁ። ሦስታችንም መስኮቴ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ተነስቼ መጥረጊያዬን ልይዝ ስል እማማ ኪኑዮ እጅጌዬን ያዙኝ።

ቴትሱሮ ስለ ሕመሙ በስልኩ አንብቧል። ጤነኛ እንደሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ እንደሚያስመረምረው፣ ደረጃ ሮጦ እንደሚወጣ ተናገረ። እናቱ አጎቱም ሮጦ እንደነበር አስታወሱት። ደምና ስኳር ማየት ይህን ማየት አይደለም፤ ዋሻው ውስጥ ግባና ይታይ፤ ሌላ አልጠይቅህም አሉት።

«ከገባሁና ካገኙብኝስ?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ቀኑን ሙሉ የማወራው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የማቆሚያዎችን ስም። ሲወርዱ አመሰግናለሁ እላቸዋለሁ፤ አንዳንዱ መልሶ አመሰግናለሁ ይለኛል። ቤት ከገባሁ እስከ ነገ ጠዋት አፌ አይከፈትም። መሪውን ሲወስዱብኝ እሱን ብቻ መሰለሽ የሚወስዱብኝ?»

«ከኋላህ ግን ሰው ተሳፍሯል» አሉ እማማ ኪኑዮ። «የሰው እናት ተሳፍራለች።»

እጆቹን አየ።

«አንቺስ?» አለ።

«የእኔ ሌላ ነው። እኔ ለምኜ ነው።»

«ማንን?»

በአገጫቸው ወደ መቅደሱ አመለከቱት።

«እኔንስ ጠይቀሽኛል?»

እማማ ኪኑዮ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። ቴትሱሮ መሬት መሬቱን እያየ ቀጠለ።

«አንድ ቀን እርጎ በየቤቱ የምታደርሰው ሴት በር ታንኳኳለች፤ አትከፍቺም። ያገኙሻል። ለእኔ ይደወላል። እኔ መሪ ላይ ነኝ፤ ስልክ አላነሳም። ስወርድ ያልተነሳ ጥሪ ተደርድሮ አገኛለሁ፤ ቁጥሩን ሳየው ገና ሳልደውል አውቀዋለሁ። ከዚያ በባቡር ብቻዬን እመጣለሁ። ላስቸግርህ አልፈልግም የምትዪኝ ይሄንን ነው?»

ከዛፉ ላይ ቅጠል ወረደ። ማንም አላነሳውም።

«አንቺ ካስተከልሽ እኔ እገባለሁ» አለ።

እማማ ኪኑዮ ይህን አልጠበቁም ነበር። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ተቆጡ፤ በእናት ሕይወት ዋጋ የሚከራከር ልጅ ከየት መጣ አሉ። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ከቁጣው በኋላ የመጣው ፍርሃት ነበር፤ በግልጽ ይታይ ነበር። መሣሪያው ከተቀበረ በኋላ ሞት በመጣ ቁጥር ይመልሰዋል፤ እሳቸውም ሌላኛውን መንገድ ነው የሚሄዱት፤ እጅ እግራቸው የሚከዳቸው፣ ስም የሚረሱበት፣ ሰው የሚያጥባቸው። ያ ሰው ደግሞ እሱ ነው፤ ሌላ የለም። ይህን ሁሉ ለልጃቸው አልተናገሩም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ሞሪዮ» አሉኝ፣ «አንተ እናትህን አጥበሃል። አሚዳ ፊት ነህና እውነቱን ንገረኝ። ምን ነበር?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰዎች አጽናንተውኛል፣ አመስግነውኛል፤ ምን ነበር ያለኝ ግን የለም። እንደመጣልኝ ተናገርኩ።

«ከባድ ነበር» አልኩ። «ሽታው ከባድ ነበር፤ ጀርባዬ ተቆርጦ ነበር፤ ድካም የሚያስለቅሰኝ ቀን ነበር። እሷም ታፍር ነበር። ስጠርጋት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ እኔም ጣሪያውን አያለሁ።»

እማማ ኪኑዮ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አውቄው ነበር እንደሚል ሰው። ቴትሱሮ አቀርቅሯል።

«ከጊዜ በኋላ ሁለታችንም ማፈሩን ረሳነው» አልኩ። «ውሃው ቀዝቅዟል ብላ ትቆጣኛለች፤ እኔም እቆጣለሁ። ፀጉሯን ሳበጥር ስለ ልጅነቷ ታወራኛለች። እናቴ በልጅነቷ ዛፍ ላይ ትወጣ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ስትሞት ሰዉ ሁሉ አሁን አረፍክ አለኝ። ልክ ናቸው፤ ጀርባዬ አርፏል።»

«ሌላውስ?» አሉ እማማ ኪኑዮ።

«ሌላው አላረፈም እማማ። የማጥበው ሰው ቢኖረኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከተናገርኩ በኋላ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው፤ እንግዳ መሰለኝ። ከላይ አለቃው የቀትሩን ደወል መቱ፤ ድምፁ ሜዳው ላይ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ድረስ ሦስታችንም ጠበቅን።

እማማ ኪኑዮ መሣሪያው ምን ያህል እንደሚያክል ጠየቁ። ቴትሱሮ በጣቶቹ የክብሪት ቀፎ የምታህል አሳያቸው። ሲመታ የሚያም እንደሆነ ጠየቁት። ፈረስ ደረት ላይ እንደሚረግጥ ነው ብለው ጽፈዋል አላቸው። ፈረስ ረግጦኝ ስለማያውቅ አልፈራውም አሉ። ከዚያ የልጃቸውን እጅ አነሱና እንደ ገበያ ዕቃ አገላበጡት፤ መሪ ያጠነከረውን መዳፍ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይተከል» አሉ። «መጀመሪያ አንተ ትገባለህ። እስክትወጣ በር ላይ እቀመጣለሁ። አግኝተውብህም ሆነ ሳያገኙብህ፣ ስትወጣ እኔ እገባለሁ።»

«እሺ» አለ።

«እስኪታይ ድረስ መሪ አትይዝም።»

ይህኛው ከበደው። ተነሳ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። የሚቀጥለው ሐሙስ ሩቅ አይደለም አሉት። አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ እንደማያውቅ፣ ለአለቆቹ ምን እንደሚላቸው እንደማያውቅ ነገራቸው። አሞኛል ቢል ገና ሳይመረመር ይሰጉበታል፤ አላመመኝም ቢል ለምን ቀረህ ይሉታል።

እማማ ኪኑዮ እጁን አልለቀቁትም። ዓይናቸው ግን ማኅተም የሚመታባቸው ልብሶች ተደራርበው ከተቀመጡበት መስኮቴ ላይ ነበር፤ ረጅም ጊዜ አዩት።

«እናቴን ላስታምም ነው በላቸው» አሉ።